አርባ ተማሪ፣ ስንት አልጋ?

ጥያቄ፦ ልጄ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ጨርሳ ሕክምና ደርሷታል፤ ቦታው ግን ከእኛ በጣም ይርቃል። እዚሁ አዲስ አበባ ያለ አንድ አነስተኛ የግል ሕክምና ኮሌጅም ተቀብሏታል። በአንድ ባች 40 ተማሪ ብቻ ነው የሚያስተምረው፤ «መምህሩ ሁሉንም በስም ያውቃል» ይላሉ። እሷም ቤቷ ሆና መማሩን ትፈልጋለች፤ ክፍያውን ተበድረንም ቢሆን እንወጣዋለን። ትንሽነቱ ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል?
የተማሪ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይጠቅማታል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን የሚወስነው ሆስፒታሉ ነው።

በፕሪክሊኒካል ጊዜ፣ ማለትም ዎርድ ከመግባቷ በፊት ባሉት ዓመታት፣ ተማሪ ማነሱ ትልቅ ነገር ነው። የሰውነት አሠራር በሚጠናበት አናቶሚ ክፍል ውስጥ በአንድ አስከሬን ዙሪያ ስድስት ወይም ስምንት ሆነው ሲቆሙ ሁሉም በእጁ ነክቶ ይማራል፤ ሃያ ሲሆኑ ከኋላ የቆመው የጓደኛውን ጀርባ አይቶ ይወጣል። ያም ሆኖ ክፍሉን ገብታችሁ ለማየት ጠይቁ። በየባቹ ሲነካካ ዓመታት ያስቆጠረ አስከሬን ጡንቻው ደርቆ ይጠቁራል፤ የብብት ነርቮቹ ተበጣጥሰው ከየት ተነስተው ወዴት እንደሚሄዱ መከተል አይቻልም። እንዲህ ከሆነ የተማሪው ማነስ ብዙም አይረዳም።

ዋናው ጥያቄ የሚመጣው ሲ-ዋን፣ ማለትም ታካሚ አጠገብ መማር የሚጀመርበት ዓመት፣ ስትደርስ ነው። 40ው ተማሪ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማህፀንና ጽንስ ክፍሎች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አሥር ይደርሰዋል። የኮሌጁ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዎርድ 12 አልጋ ኖሮት ግማሹ ባዶ ቢሆን ለአሥሩ ተማሪ ስድስት ታካሚ ነው ያለው። አንዱን ሰው ሁለትና ሦስት ተማሪ እየተፈራረቀ ታሪኩን ይጠይቀዋል፣ ሆዱን ይዳስሰዋል፤ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ብዙ ከፍሎ የተኛ ታካሚ ደግሞ ተማሪ እንዳይነካው ሊጠይቅ ይችላል፤ መብቱም ነው። የሩማቲክ ልብ ሕመምተኛን ደረት በስቴቶስኮፕ አዳምጣ የማታውቅ ተማሪ ድምፁን ከመጽሐፍ አታገኘውም። በራሱ አነስተኛ ሆስፒታል ብቻ የሚያስተምር ኮሌጅ የሚያሳስበን ስለዚህ ነው።

እናም ኮሌጁ ከመንግሥት ሆስፒታል ጋር የፈረመውን የመግባቢያ ሰነድ አሳዩን በሉ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ፣ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ፣ በየትኞቹ ክፍሎች ስንት ሳምንት እንደሚቆዩ፣ አልጋ አጠገብ የሚያስተምራቸው ማን እንደሆነ ይነበብ። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ሆስፒታሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለራሱ ተማሪዎች ከሆነ የእንግዳው ኮሌጅ ልጆች ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ በሚያዩበት በራውንድ ሰዓት ከኋላ ይቀራሉ። ልጅዎ በሥራ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዳ የኮሌጁን ተማሪዎች ትፈልግ፤ የታካሚ ታሪክ ለመምህር ሲያቀርቡ ካገኘቻቸው ጥሩ ነው፣ ኮሪደር ላይ ቆመው ካገኘቻቸው ግን ይታሰብበት። ከኢንተርኖቹ (በመጨረሻው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ከሚሠሩት ተማሪዎች) አንዷን፣ የሠራችውን የምትመዘግብበትን ሎግቡኳን እንድታሳያት ትጠይቃት፦ ስንት እናት በራሷ እጅ አዋለደች፣ ስንቱንስ ቆማ አየች? እዚህ ላይ ትንሹ ኮሌጅ ሊበልጥም ይችላል፤ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) በሌለበት ሆስፒታል ስፌቱም ምጡም ለኢንተርኗ ይተርፋልና፤ ከአጠገቧ ሲኒየር ሐኪም እስካለ ድረስ።

መምህራኑን በተመለከተ ስንቱ ቋሚ፣ ስንቱ ፓርት ታይም እንደሆነ ይጠየቅ። ትንሽ ኮሌጅ አንድ የፓቶሎጂ (የበሽታ ጥናት) መምህር ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ከለቀቀ ኮርሱ እንግዳ መምህር እስኪገኝ ይቆይና የሴሚስተሩ ትምህርት በሁለት ሳምንት ይጠቀጠቃል።

በጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና «80 በመቶ አሳልፈናል» ቢሏችሁ ከስንቱ ነው በሉ። ሃያ ተማሪ ካስፈተኑ አንድ ልጅ ብቻውን 5 በመቶ ነው፤ የአንድ ዓመት ውጤት ምንም አይነግራችሁም። የሦስት ተከታታይ ባች ቁጥር ይሰጧችሁ፦ ስንት ገባ፣ ስንት ጨረሰ፣ ስንቱ በመጀመሪያ ሙከራ አለፈ። በየዓመቱ ደካማ የሚሉትን እያስቀሩ ጥቂቶችን ብቻ የሚያስፈትኑ ከሆነ ገቢውና ተፈታኙ ሲነጻጸር ይታያል።

የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው የዕውቅና ፈቃድ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ የተለየ ነው፣ የጊዜ ገደብም አለው። ለነርሲንግ የተገኘ ፈቃድ ለሕክምና አይሠራም። ፈቃዱን ከኮሌጁ ግድግዳ ላይ አንብበው አይመለሱ፤ ባለሥልጣኑ ዘንድ ያጣሩ። ልጅዎ ወደፊት አሜሪካ መሥራት ካሰበች ኮሌጁ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩንና የኢሲኤፍኤምጂ (ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን ለአሜሪካ የሚያረጋግጠው ተቋም) ማስታወሻ እንዳለው ትመልከት።

የብድሩ ነገር ያሳስበናል። ውሉ ውስጥ ክፍያ በየዓመቱ ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል፣ አንድ አታችመንት (በአንድ የሆስፒታል ክፍል የሚወሰድ ትምህርት) ብትደግም ስንት እንደምትከፍል፣ ብታቋርጥ ምን እንደሚመለስላት ካልተጻፈ አትፈርሙ። የፍሬሽማን ኮርሶቿ እንደሚያዙላትም በደብዳቤ ይረጋገጥ፤ አለበለዚያ አንድ ዓመት ደግማ ትከፍላለች።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ኮሌጁ በመንግሥት ሆስፒታል በእርግጥ እንደሚያስተምር በዓይናችሁ ካረጋገጣችሁ እዚሁ ትማር፤ በራሱ ጥቂት አልጋዎች ብቻ ከሆነ ግን ርቀቱን ቻሉት። ይህ ሁሉ ተጣርቶ እስኪያልቅ ከዩኒቨርሲቲው የመልቀቂያ ክሊራንስ እንዳትወስድ፤ ቦታዋን አንዴ ከለቀቀች ማስመለሱ ከባድ ነው።