ዳሌ ተሰብሮ ከተሠራ በኋላ፦ መዳንን በምን እንለካ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ስለተደረገላቸው አዛውንቶች። ጠያቂዎቹ ልጆቻቸው ናቸው። ሐኪም ቤት ሲያድሩ የከረሙ፣ አሁን ደግሞ ቤት ወስደው የሚያስታምሙ። ሁሉንም የሚያስጨንቃቸው «እየዳኑ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው። ይህን ራጅ ብቻውን አይመልሰውም። አረማመዳቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ «እናቴ 74 ዓመቷ ነው። በቀዶ ጥገናው ማግስት የፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያው መጥቶ ‹ተነሺ› አላት። ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም፤ አስቆምኩት። አጠፋሁ?»

የእናት ነገር ነውና አንጀትዎ ባይችል አይፈረድብዎትም። ነገ ሲመጣ ግን ይተዉት፤ እንዲያውም አብረው ያግዙት። በዚህ ዕድሜ አልጋ ላይ መክረም አደገኛ ነው። እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ የሳንባ ምች ይይዛል፣ ጀርባና ተረከዝ ይቆስላል፣ ጡንቻ በቀናት ውስጥ ይመነምናል። ቀዶ ጥገናው የተሠራውም ቶሎ እንድትቆም ነው። ሐኪሙ በተለየ ምክንያት ካልከለከለ በስተቀር በማግስቱ መነሳት ተገቢ ነው።

ለቅሶዋን ግን ችላ አይበሉት። የሕመም ማስታገሻው ከመነሳቷ በፊት፣ ሊሠራ የሚችልበት ጊዜ ቀድሞ እንዲሰጣት ነርሷን ይጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ለውጡ ግን ብዙ ነው።

ባለሙያው የሚያያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ከአልጋ መውረድና መመለስ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ መራመድ። ለእያንዳንዱ፣ ብቻዋን ያለ ስጋት ከቻለች 2፣ በሰው እገዛ ከሆነ 1፣ ታግዛም ካልቻለች 0 ይሰጣል። የቀኑ ድምር ቢበዛ 6 ነው። የመጀመሪያው ቀን 1 ወይም 2 ቢሆን አይደንግጡ። ቁጥሩ በተከታታይ ቀናት ከፍ ካላለ ግን «ምን ያዛት?» ብለው ይጠይቁ። ሕመም ሊሆን ይችላል፣ የደም ማነስ፣ ማዞር፣ ወይም ፍርሃት። እያንዳንዱ የየራሱ መፍትሔ አለው።

ከዳንግላ፦ «ፊዚዮቴራፒስቷ ስለ እናቴ ቁስል ትጠይቀኛለች ስል ‹ከመውደቃቸው በፊት ገበያ ይወጡ ነበር?› አለችኝ። ምን አገናኘው?»

ከሁሉም በላይ የሚያገናኘው እሱ ነው። እናትዎ ወዴት መመለስ እንዳለባቸው የሚታወቀው ከየት እንደወደቁ ሲታወቅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዘው ደርሰው የሚመለሱ እናትና ከመደብ እስከ በር በሰው ትከሻ የሚሄዱ እናት ዳሌያቸው እኩል ቢሰበርም ግባቸው እኩል አይደለም።

ለዚህ ከ1993 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን) ጀምሮ የሚሠራበት መለኪያ አለ። ሦስት ጥያቄ ነው፦ ቤት ውስጥ፣ ደጅ፣ ገበያ እንዴት ይሄዱ ነበር? ያለ ችግር ከሆነ 3፣ በምርኩዝ ከሆነ 2፣ በሰው እርዳታ ከሆነ 1፣ ጭራሽ ካልሆነ 0። ሙሉ ነጥቡ 9 ነው። ዝቅ ያለ ነጥብ ያላቸው ከመጀመሪያው የበለጠ ክትትል እንደሚያስፈልጋቸው ያሳያል።

ስለዚህ እባክዎ እውነቱን ይንገሯት። «ደህና ነበሩ» ማለት ምንም አይነግራትም። ያለፈውን ክረምት ውኃ ይቀዱ ነበር? ጭቃ ላይ ይፈሩ ነበር? ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ? እነዚህን ይንገሯት። ቀድሞ የነበሩበት ቦታ ሙሉ በሙሉ የማይመለሱ ብዙዎች ናቸው፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ቤተሰብን ከከንቱ ጥድፊያም ከተስፋ መቁረጥም ያድናል።

ከፍኖተ ሰላም፦ «አባቴን ቤት አምጥተነዋል። ፊዚዮቴራፒ በቅርብ የለም። መሻሻሉን ራሴ ማየት የምችልበት መንገድ አለ?»

አለ፤ ወንበርና ስልክ ይበቃል። አባትዎ ብቻቸውን ወይም በምርኩዝ መራመድ ከጀመሩ በኋላ የሚሠራ ነው። መደገፊያ ያለው መደበኛ ወንበር ያስቀምጡ። በርጩማና ዱካ አይሆኑም፤ ዝቅ ይላሉ። ከወንበሩ 3 ሜትር፣ ማለትም ወደ 6 ክንድ ገደማ ለክተው ምልክት ያድርጉ። የስልክዎን ሰዓት ቆጣሪ «ተነሣ» ሲሏቸው ያስጀምሩ። ይነሳሉ፣ ምልክቱ ድረስ ይሄዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ያኔ ያቁሙት። ሩጫ አይደለም፤ በተለመደው አካሄዳቸው ይሂዱ። ሌላ ሰው ጎናቸው ይቁም፤ ብቻዎን አይሞክሩት።

በዴንማርክ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የዳሌ ስብራት ቀዶ ጥገና ካደረጉት መካከል ሆስፒታል ሲለቁ 24 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የፈጀባቸው፣ በቀጣዮቹ 6 ወራት የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ለእርስዎ ግን ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚበልጠው የአባትዎ የራሳቸው ለውጥ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ጫማ፣ በዚያው ምርኩዝ ለክተው ይጻፉ። 40 የነበረው 31 ከሆነ መንገድ ላይ ናችሁ። ወደ ኋላ ከተመለሰ ለሐኪም ይንገሩ። ሲዞሩ ይንገዳገዳሉ? ወንበሩ ላይ ይወድቃሉ ወይስ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ? ይህንም አብረው ይጻፉ፤ ሰከንዱ የማይናገረውን ይናገራል።

ከቡሬ፦ «ወጌሻ ቢያሸው ቶሎ ይራመዳል ይሉናል።»

አይሆንም። ውስጥ ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አለ። መታሸትና መጎተት ያስተካከሉትን ሊያናጋ፣ ቁስሉንም ሊያመረቅዝ ይችላል።

ከቢቸና፦ «አባታችን 80 ዓመታቸው ነው። ከተሠሩ ሁለት ወር ሆናቸው። እሑድ ቅዳሴ ካልሄድኩ እያሉ አስቸገሩን። እንፍቀድ?»

ደስ የሚል ችግር ነው። መሄድ መፈለጋቸውን እንደ መድኃኒት ይቁጠሩት እንጂ አይከልክሏቸው። ከዚያ በፊት ግን ቤት ውስጥ ይፈትኗቸው። ያለ እረፍት ምን ያህል ይቆማሉ? ደረጃ ይወጣሉ? ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የተሠራው። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ከሆነ መጀመሪያ በሥራ ቀን፣ ሰው ሳይበዛ ወስደው ያሳዩአቸው።

መቋሚያው ለቅዳሴ ይሁን፤ ለመንገድ ግን የእጃቸው አንጓ ላይ የሚደርስ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ምርኩዝ ይያዙ። ጫፉ ብረት የሆነ ዘንግ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል። የተሰበረው ቀኙ ከሆነ ምርኩዙ በግራ እጅ ይያዛል። ስግደት፣ ቁጢጥ ማለትና ዝቅ ያለ ቦታ መቀመጥ ግን ቆይቶ ነው፤ በተለይ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተተካላቸው ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይሞክሩት። ጾሙንም ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። የሚመነምን ጡንቻ እንቁላልና ወተት ይፈልጋል።

ከሞጣ፦ «መቼ ነው ሳንውል ሳናድር ወደ ሆስፒታል መመለስ ያለብን?»

ትናንት ይራመዱ የነበሩት ዛሬ መቆም ካቃታቸው። የተሠራው እግር ድንገት ካጠረ ወይም ጣቱ ወደ ውጭ ከዞረ። ባቱ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ። ቁስሉ ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ከመጣ። ድንገት ከቀባዠሩ ወይም ሰው መለየት ካቃታቸውም «እርጅና ነው» አይበሉ፤ ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ችግር ሊሆን ይችላል። እግራቸው ካጠረ ወይም ከዞረ በባጃጅ አያጣጥፏቸው፤ አምቡላንስ ይጥሩ፣ ከታጣም አስተኝቶ የሚወስድ መኪና ይፈልጉ።