ማን ወዴት ይዛወራል? የፎርሙላ ዋን ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ሹፌሮች ዝውውር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ይህን ያህል ሰው ይጠይቃል ብዬ ግን አላሰብኩም። ከደሴም ከኮምቦልቻም መጣልኝ፣ እውነቴን ነው ደስ ብሎኛል። እዚህ ከተማ ፎርሙላ የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። የአውሮፓ ውድድሮች አብዛኞቹ እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው የሚጀምሩት፣ በዚያው ሰዓት ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ አለ። ስለዚህ ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ትልቁ ስክሪን የኳስ ነው፤ እኛ አራት አምስት ሰዎች ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ቴሌቪዥን ያለ ድምፅ ከበን እናያለን። አሁን ብዛታችሁን ሳይ ከትንሿ ቴሌቪዥን እንደምናልፍ ገባኝ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። እንቀጥል።

«ቨርስታፐን መርሴዲስ ሊገባ ነው ይባላል፣ ግን አይሄድም። ወሬው ከየት ነው የሚመጣው?» (ከሙጋድ)

ወንድሜ፣ ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ማክስ ቨርስታፐን ከቡድኑ ከሬድ ቡል ጋር ያለው ውል እስከ 2028 ነው። ግን ውሉ ውስጥ መውጫ እንዳለ በሰፊው ተዘግቧል። መኪናው አልሄድ ብሎት በነጥብ ሰንጠረዡ ወደ ታች ከወረደ መልቀቅ ይችላል ነው የሚባለው። በ2025 አጋማሽ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገጠመ። የቡድኑ አለቃ ክርስቲያን ሆርነር ሐምሌ ላይ ከኃላፊነቱ ተነሳ። መኪናውን ለዓመታት ሲነድፍ የኖረው አድሪያን ኒዊ ቀድሞ አስተን ማርቲን ገብቷል። መርሴዲስ የሹፌሩን የጆርጅ ራስልን ውል ሳያድስ ቆየ። ሰው ይህን ሁሉ ገጣጠመና «በቃ ሄዷል» አለ።

ከዚያ ሀንጋሪ ላይ ማክስ ራሱ በ2026 ሬድ ቡል እንደሚቆይ ተናገረ፣ ጥቅምት ላይ መርሴዲስ ሁለቱን ሹፌሮቹን ራስልንና አንቶኔሊን አስቀጠለ፣ ወሬውም ቆመ። ቀጥሎ የሆነውን አስታውሱ። ከኔዘርላንዱ ውድድር ከዛንድቮርት በኋላ ከመሪው በ104 ነጥብ ርቆ የነበረ ሰው ዓመቱን በ2 ነጥብ ብቻ ተበልጦ ጨረሰ። የማክላረኑ ኖሪስ 423፣ ማክስ 421። ማክስ 8 ውድድር አሸንፎ፣ 7 ያሸነፈው ኖሪስ ሻምፒዮን ሆነ።

የኔ ግምት ይኸው። ዘንድሮ (በ2026) ሬድ ቡል ከፎርድ ጋር ሆኖ ሞተሩን ራሱ ሠርቶ ነው የሚመጣው። ያ ሞተር ከሠራ ማክስ የትም አይሄድም። ካልሠራ ደግሞ ክረምት ላይ የምትሰሙት ወሬ እንደ አምናው ባዶ አይሆንም።

«እኔ ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምነዳው። መኪና መኪና ነው። 7 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሃሚልተን ፌራሪ ላይ እንዴት ይጠፋዋል?» (ከኮምቦልቻ)

ይህን ጥያቄ ካንተ ማግኘቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ! መልሱን ከኔ በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። የሐረጎን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ትወርደዋለህ? አትወርደውም። ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ትይዘዋለህ፣ ፍሬኑን ለኩርባው ታቆየዋለህ። ጭጋጉ ወርዶ፣ ከፊትህ ሲኖትራክ ጭነት ይዞ እያዘገመ፣ እግርህ ሳታስበው ነው የሚሠራው። መኪናዋ የት ላይ እንደምትይዝ፣ የት ላይ እንደምትንሸራተት ታውቃለህ። አሁን ባለቤቱ ሌላ መኪና ሰጠህ እንበል። ፔዳሉ ጠለቅ ብሎ ነው የሚይዘው፣ መሪው ትንሽ ይዘገያል። መንገዱ ያው ነው፣ አንተም ያው ነህ። ግን የመጀመሪያውን ሳምንት እየፈራህ ነው የምትወርደው፣ ውሸት ነው?

ሃሚልተን መርሴዲስ ላይ 12 ዓመት ነዳ። በ2025 ፌራሪ ሲገባ፣ መኪናው ኩርባ ላይ እንዲዞር የሞተሩን መያዝ በብዛት እንደሚጠቀሙበትና እሱ ከዚያ በፊት እንዲህ ነድቶ እንደማያውቅ ራሱ ተናግሯል። አየህ፣ የሐረጎ ነገር ነው። ልዩነቱ እሱ ኩርባው ላይ ለመልመድ ጊዜ የለውም። ፍሬን የሚረግጥበት ነጥብ በሁለት ሜትር ከተሳሳተ ሦስት ቦታ ያጣል። አጠገቡ ያለው ሻርል ሌክለር ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ፌራሪ ላይ ነው፣ የመኪናውን ጠባይ ከልጅነቱ ነው የሚያውቀው ማለት ይቻላል።

ሃሚልተን በ2025 ሻንጋይ ላይ ከዋናው በፊት ቅዳሜ የሚደረገውን አጭሩን ውድድር ሲያሸንፍ ጠዋት 12 ሰዓት ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልክ ነው ያየሁት። ጮህኩ፣ እናቴ «ምን ሆንክ?» ብላ ሮጣ መጣች። በማግስቱ በዋናው ውድድር ግን ከመኪናው ሥር ያለው ጣውላ ከሚፈቀደው በላይ ተበልቶ ተገኘና ውጤቱ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ በዋናው ውድድር አንድም ጊዜ ፖዲየም (ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ) አልወጣም፣ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። እኔ ከ2008 ጀምሮ የሱ ነኝ። በጣም አዝኛለሁ። ግን መንዳት ጠፋበት ለሚል ሰው አልስማማም፤ ፌራሪ ራሱ በ2025 አንድም ዋና ውድድር አላሸነፈም፣ ሌክለርም ጭምር።

«እንግዲያው ሃሚልተን መሄዱ ስህተት ነበር አትለንም?» (ከቧንቧ ውሃ)

አልልም፣ ገና ነው። በ2012 መጨረሻ ከማክላረን ወደ መርሴዲስ ሲሄድ ሰው ምን እንዳለ አስታውሱ። ማክላረን በዚያ ዓመት 7 ውድድር ያሸነፈ ቡድን ነበር። መርሴዲስ ያሸነፈው 1 ብቻ። ዕብደት ነው ተባለ። ግን የመርሴዲሶቹ እነ ኒኪ ላውዳ ያሳዩት የ2012ቱን መኪና አልነበረም፤ ለ2014 እየተሠራ ያለውን ሞተር ነበር። 2014 መጣ፣ መርሴዲስ ከ19 ውድድር 16ቱን ወሰደ። ማክላረን ደግሞ ከ2012 ብራዚል በኋላ እስከ 2021 ሞንዛ ድረስ አንድም ድል አላየም። እኔ ዝውውርን የማየው እንዲህ ነው። ሹፌሩ የሚገዛው የዛሬውን መኪና አይደለም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከወርክሾፑ የሚወጣውን ነው። በ2026 ደንቡ ሁሉ ተቀይሯል፣ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉ ከኤሌክትሪክ ነው የሚመጣው፣ መኪኖቹም አንሰዋል ቀለዋል። ሃሚልተን ፌራሪ የገባው ይህን ቀን ቆጥሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

«እኔ ሹማኸርን በጊዜው ያየሁ ሰው ነኝ። የዛሬዎቹ ትዕግሥት የላቸውም።» (ጡረታ ላይ ያሉ አስተማሪ፣ ደሴ)

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ሹማኸር በ1996 ፌራሪ ሲገባ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 3 ውድድር አሸነፈ፣ ዋንጫውን ያገኘው ግን በ2000 ነው። ፌራሪ ከ1979 ጀምሮ 21 ዓመት ጠብቆ ነበር። ግን አንድ ነገር ልጨምርልዎ፣ ሹማኸር ብቻውን አልነበረም። መሐንዲሶቹ ሮስ ብራውንና ሮሪ በርን ከቀድሞ ቡድኑ ከቤኔቶን ተከትለውት ሄደዋል። ሹፌሩ ቬትል በ2015 ፌራሪ ያለ እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ገባ፣ 14 ውድድር አሸነፈ፣ ዋንጫ ግን ሳያገኝ ወጣ። ሃሚልተንም ዕድሜው 41 ነው፤ እንደ ሹማኸር አምስት ዓመት የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው።

«አንድ ሰው ውል ፈርሞ እንዴት ሌላ ቡድን ይሄዳል? ሕግ የለም?» (ከሰኞ ገበያ)

አለ። ጄኔቫ ውስጥ የውሎች እውቅና ቦርድ አለ። እያንዳንዱ ውል እዚያ ይመዘገባል፣ ሁለት ቡድኖች በአንድ ሹፌር ከተጣሉ የሚፈርደው እሱ ነው። የመጣውም ሹማኸር በ1991 ጆርዳን ለሚባል ቡድን አንድ ውድድር ነድቶ በሚቀጥለው በቤኔቶን መኪና ከተገኘ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚጥመው ታሪክ የ2022ቱ ነው። አንድ ሰው ሲነሳ ስንት ሰው እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያን ጊዜ አስተን ማርቲን የነበረው ቬትል ጡረታ እወጣለሁ አለ። በቀናት ውስጥ አሎንሶ የሱን ቦታ ይዞ አስተን ማርቲን ፈረመ። የአሎንሶ ቡድን አልፒን በማግስቱ «በቦታው ኦስካር ፒያስትሪ ይነዳል» ብሎ መግለጫ አወጣ። ልጁ በዚያው ቀን «ከአልፒን ጋር ለ2023 አልፈረምኩም፣ አልነዳም» ብሎ በአደባባይ ጻፈ። የ21 ዓመት ልጅ ነው፣ አንድም ውድድር ገና አልነዳም! ቦርዱ ጉዳዩን አየና የሚጸናው የማክላረን ውል ብቻ ነው ብሎ ፈረደ። ማክላረን ደግሞ ለሱ ቦታ ለመልቀቅ ከሹፌሩ ከዳንኤል ሪካርዶ ጋር ውሉን ቀድሞ አቋርጦ ነበር። በአንድ ክረምት ከቬትል ጡረታ እስከ ሪካርዶ ከሥራ መውጣት ድረስ ሁሉም ተንቀሳቀሰ።

ስለዚህ ወሬ ስትሰሙ «ማን ሊሄድ ነው?» ብቻ አትበሉ። «ከማን ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው? ያ ሰውስ ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ወሬው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

«ፒያስትሪ ማክላረንን ይለቃል?» (ከሆጤ)

ዘንድሮ አይመስለኝም። ከዛንድቮርት በኋላ በ34 ነጥብ እየመራ ሦስተኛ ሆኖ መጨረሱ ያማል። ቡድኑ ለቡድን ጓደኛው ለኖሪስ ያደላል ብላችሁ የጻፉልኝ ብዙ ናችሁ፣ ሞንዛ ላይ ቦታውን ለኖሪስ እንዲመልስ ሲታዘዝ እኔም ተናድጃለሁ። ግን ሁለት ዓመት ተከታትሎ የቡድኖችን ዋንጫ ከወሰደ ቤት ማን ይወጣል? ደግሞ ማክላረን የሚጠቀመው የመርሴዲስን ሞተር ነው። ዘንድሮ ያንን ሞተር አራት ቡድኖች ይዘዋል፣ መርሴዲስ ራሱ፣ ማክላረን፣ ዊሊያምስና አልፒን። ከነዚህ አንዱ ውስጥ ያለ ሰው ሞተሩን ሳያይ አይንቀሳቀስም።

«የሹፌር ደመወዝ ከቡድኑ የወጪ ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል?» (ከኮምቦልቻ)

አይቆጠርም። ስለዚህ ሀብታም ቡድን ለትልቅ ስም የፈለገውን መክፈል ይችላል።

«ሃጃር ዘንድሮ ሬድ ቡል ገብቶ ማክስ ጎን ምን ይሆናል? ያ ቦታ የሰው መቀበሪያ ነው።» (ከፒያሳ)

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ጋስሊ፣ አልቦን፣ ፔሬዝ፣ ሱኖዳ፣ ሁሉም እዚያ ተፈትነዋል። ሎውሰን በ2025 ሁለት ውድድር ብቻ ነድቶ ነው የተነሳው። መኪናው ለማክስ እጅ ነው የተሠራው፣ አፍንጫው ስለታም ነው፣ የኋላው ይሸሻል። ለሃጃር ግን ተስፋ አለኝ። ደንቡ አዲስ ስለሆነ ሁለቱም ከዜሮ ነው የሚጀምሩት።

ያቺን የአምናዋን ሜልቦርን አይታችኋል? ሃጃር ገና ውድድሩ ሳይጀመር፣ በማሞቂያው ዙር ላይ፣ እርጥብ መንገድ ላይ ተንሸራቶ መኪናውን ሰበረ። የመጀመሪያ ውድድሩ ነበር። የራስ ቁሩን ሳያወልቅ እያለቀሰ ሲመጣ የሃሚልተን አባት አንቶኒ አቅፎ አጽናናው። ልክ የራስ ልጅ እንደሚታቀፈው። ያ ልጅ በዚያው ዓመት ዛንድቮርት ላይ ሦስተኛ ወጣ። አብሽር የሚለው ሰው ያገኘ ልጅ ነው፣ ሬድ ቡል ውስጥም ይቆማል ብዬ አምናለሁ።

«አሎንሶ ዕድለ ቢስ ነው ወይስ ምርጫው መጥፎ ነው?» (ከሙጋድ)

ሁለቱም። በ2005 እና በ2006 ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ጥሩ መኪና ከጥሩ ጊዜ ጋር አልገጠመለትም። ሆንዳን ተመልከቱ። በ2015 ማክላረን ላይ የሆንዳ ሞተር አስለቀሰው፣ በሆንዳ አገር በሱዙካ በሬዲዮ እየጮኸ አማረረ። ማክላረንና ሆንዳ ተለያዩ፣ ሆንዳ ደግሞ በ2021 ከሬድ ቡል ጋር ሆኖ ማክስን ሻምፒዮን አደረገ። አሁን በ2026 አስተን ማርቲን የሆንዳን ሞተር ይዟል፣ አሎንሶም እዚያው ነው፣ ኒዊም አለ። የመጨረሻ ድሉ በ2013 ስፔን ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ሲያሸንፍ ባየው።

«አፍሪካዊ ሻምፒዮን ኖሮ ያውቃል?» (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

አዎ የኔ ወንድም። ጆዲ ሼክተር፣ ደቡብ አፍሪካዊ፣ በ1979 በፌራሪ። ከላይ ለጋሼ የጠቀስኩት 1979 የሱ ነው። አፍሪካ ውስጥ የመጨረሻው ውድድር በ1993 ኪያላሚ ላይ ነበር። ሩዋንዳ ለማዘጋጀት ጠይቃለች፣ ሃሚልተንም አፍሪካ ውድድር ሊኖራት ይገባል እያለ ለዓመታት ሲናገር ቆይቷል።

«የመጀመሪያው ውድድር መቼ ነው? የት እንይ?» (ብዙዎቻችሁ)

እሁድ የካቲት 29፣ ሜልቦርን፣ በኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ኳስ የለም፣ ትልቁ ስክሪን የኛ ነው። የዲኤስቲቪ ቤቱን ባለቤት አነጋግሬዋለሁ፣ አሥር ሰው ከሞላ በጊዜ እከፍታለሁ ብሏል። ሁለቱም ጾም ስለገጠመ ሻይ ቡና የለም፣ የሱሁር ሰዎች ሳትተኙ በዚያው ኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከኪዳን መልስ ኑ። እስካሁን ሰባት ሆነናል።