‹ባይ› ሁሌ ‹በ› አይደለም

አብሽሪ እህቴ። «‹ባይ› (by) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ‹በ› ብዬ ሸመደድኩት፤ አረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ግራ ገባኝ» ላልሽው ነው። እኔን ሥራ ያሳጣኝ ይኸው ቃል ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. «ባይ በስ» በአውቶቡስ ነው። እዚህ ‹በ› ይሠራል፤ አያስቸግርሽም።

2. ቦታ ሲከተለው አጠገብ ወይም ዳር ማለት ነው። «ባይ ዘ ሌክ» ካሉሽ ሐይቁ ዳር ነው።

3. ጉዱ ያለው ቀን ሲከተለው ነው። ደሴ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ኮምቦልቻ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ። ቅጹን «ሰብሚት ባይ ሃንድ ባይ ፍራይደይ» ይላል። ሁለቱንም ‹በ› አልኳቸው። በእጅ፣ በአርብ። ሦስት ገጽ ሌሊቱን በእጄ ሞላሁ። ሰኞ ጨርሼ ለአርብ አስቀመጥኩት።

አርብ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ 5 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ተቀባይዋ ገለጥ አድርጋ «ማን በእጅህ ጻፍ አለህ? በኮምፒውተር ነው። እንግሊዝኛ ሳትችል ምን ልትሠራ መጣህ?» ብላ ሰው ፊት ወረወረችልኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የተሳሳተን ሰው ቀስ ብሎ ማስረዳት ምን ይጎዳል? በኮምፒውተር ላስጽፍ ጽሕፈት ቤት ብሮጥ መብራት የለም። መብራቱ ሲመጣ 11 ሰዓት ተኩል ሆኖ ቢሮው ተዘግቷል።

«ሰብሚት ባይ ሃንድ» ራስህ ይዘህ መጥተህ አስረክብ ማለት ነበር። «ሪተን ባይ ሃንድ»፣ በእጅ የተጻፈ፣ ቢል ኖሮ እኔ ልክ ነበርኩ። ስለዚህ መጀመሪያ ግሡን እዪ። «ባይ ፍራይደይ» ደግሞ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ አርብ ነው። ሰኞ ብሄድ ኖሮ ለማስተካከል አራት ቀን ነበረኝ! ይኼ ነው የሚቆጨኝ።

እዚህ ላይ ከ«አንቲል» (until) ጋር እንዳታምታቺው። አማርኛችን ሁለቱንም «እስከ» ይላቸዋል። «አንቲል» ሳይቋረጥ ለሚቀጥል ነገር ነው፤ «ባይ» አንዴ ተሠርቶ ለሚያልቅ። ቢሮው «አንቲል ፍራይደይ» ክፍት ነው፤ አንቺ ወረቀትሽን «ባይ ፍራይደይ» ታስገቢያለሽ።

በሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ሳመለክት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ነበርኩ። ተቀጠርኩ። አሁን የቢሮውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

ያስቸገረሽን አረፍተ ነገር ሙሉውን ላኪልኝ። ቃሉን ብቻውን አትላኪው።