«ዕቃቃ» ወይስ «ዕቃ ዕቃ»?

ጥያቄ፦ ገጠር ተወልጄ ያደግሁ መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ እንዲሆን የልጅነት ትዝታዬን ስጽፍ «ሴቶቹ እቃቃ እንጫወታለን፤ ወንዶቹ የጭቃ በሬና የሽቦ መኪና ይሠራሉ፤ ማታ በጨረቃ ድብብቆሽ ነው» ብዬ ነበር። ባልደረባዬ አነበበውና «እቃቃ የሚባል ቃል የለም፣ ዕቃ ዕቃ በይ፤ የጭቃ በሬውንም አሻንጉሊት በይው፤ ድብብቆሽ ያልሽውም ትክክለኛ ስሙ ኩኩሉ ነው» አለኝ። የቱን ልቀበል?

መልስ፦ የጻፉትን አይለውጡ። ባልደረባዎ ስለ ቃሉ ምንጭ ያለው እውነት ነው፤ ቃሉ የለም ማለቱ ግን አያስኬድም።

መነሻው በእርግጥ «ዕቃ» ሁለት ጊዜ መጠራቱ ነው። ሁለቱ ተከታትለው ሲነገሩ የኋለኛው «ዕ» ይዋጣል። «የእኔ» «የኔ»፣ «ለእናቴ» «ለናቴ»፣ «ከእንግዲህ» «ከንግዲህ» የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ «ዕቃቃ» የልጅ አፍ ያበላሸው ቃል አይደለም፤ ቋንቋው በየቀኑ የሚሠራበት ሕግ ውጤት ነው። ደግሞም ከምንጩ ተለይቶ ራሱን ችሏል። ትልልቅ ሰዎች «ትዳር ዕቃቃ መሰለህ?» ይላሉ፤ አብሮ አደጎች «የዕቃቃ ሚስቴ ነበረች» እያሉ ይሳሳቃሉ። እዚህ ቦታ ላይ «ዕቃ ዕቃ» ብለው ቢተኩት ጆሮ አይቀበለውም። ቃሉ መኖሩን የሚመሰክርልኝ ይኸው ነው።

ከአጻጻፉ ይልቅ እኔን የሚያጓጓኝ ስሙ ለምን ሁለት ጊዜ እንደተጠራ ነው። አማርኛ ቃልን የሚደግመው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተሰለፉ» ስንል እናከፋፍላለን። «ዋና ዋናውን ንገረኝ» ስንል እንመርጣለን። «ወጡ ውሃ ውሃ ይላል»፣ «ነጠላዬ ጭስ ጭስ ይሸታል»፣ «እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» ስንል ግን ሥራው ሌላ ነው። ወጡ ውሃ አልሆነም፤ ወደ ውሃ ተጠጋ እንጂ። እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው ሰውም ገና አልተኛም። እንዲህ ያለው ድግግም ነገሩን አያበዛውም፤ ሌላውን ነገር ወደ እሱ ያቀርበዋል። እኔ «ዕቃቃ»ን የምረዳው በዚህ በኩል ነው፦ ዕቃ ያልሆነው ዕቃን ሲመስል፣ እንደ ዕቃ ሲያዝ። ስልቱ ዛሬም አልነጠፈም። ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው «ሙሽራ ሙሽራ እንጫወት»፣ «ዶክተር ዶክተር እንጫወት» ይላሉ። እነዚህ ገና ስላልተዋሐዱ ለያይቶ መጻፉ ይሻላል፤ «ዕቃቃ» ግን አንድ ቃል ሆኗልና ገጥመው ይጻፉት።

እርስዎ በዚያ አድገዋልና የምለውን ያውቁታል፤ ለተማሪዎችዎ ግን በዝርዝር ቢጽፉት ደስ ይለኛል። ድሃ ቤት ውስጥ የእናት ምጣድ ለጨዋታ አይሰጥም፤ ቢሰበር መተኪያ የለውም። አንዴ ከተሰበረ በኋላ ግን ገሉ የልጆቹ ነው። ሦስት ጠጠር ጉልቻ ይሆናል፣ ገሉ ከላይ ይጣዳል። ደቃቅ አፈር ዱቄት ነው፤ በድንጋይ የተወቀጠ ቅጠል ጎመን ነው፤ በቀጭኑ ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጭቃ እንጀራ ነው። ፍሬው የተፈለፈለለት የበቆሎ ቆረቆንዳ በቡትቶ ተጠቅልሎ ይታዘላል፤ ሲያለቅስም እሹሩሩ ይባልለታል። ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ግስ ነው፦ «ይሄ ምጣድ ይሁን። እኔ እናት ልሁን፣ አንቺ ልጅ ሁኚ።» ልጆቹ «ነው» ብለው አይጀምሩም፤ «ይሁን» ብለው ይስማማሉ። ከተስማሙ በኋላ ነው «ልጄ፣ ምጣዱ ግሏል፣ አትንኪው» የሚባለው። ይህን ጨዋታ «የማስመሰል ጨዋታ» የሚል የመጽሐፍ ስም የሚሰጡት ካሉ፣ እባክዎ እርስዎ አይከተሏቸው። «ማስመሰል» በአማርኛ የአታላይ ሥራ ነው፤ «አስመሳይ» ስድብ ነው። ልጆቹ ግን ማንንም አላታለሉም።

ስለ «ዕ» እና «እ»፦ «ዕቃ»ን በዐይኑ «ዐ» መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም እሱን እከተላለሁ። በአልፋው «አ» የሚጽፉም ብዙዎች ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ይያዙና እስከ መጨረሻው አይለዋውጡት፤ በዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ የምጨምረው የለኝም።

ወደ አሻንጉሊቱ እንምጣ። ቃሉ መጀመሪያ የሚያስታውሰን የሰው ወይም የእንስሳ ምስል ያለውን መጫወቻ ነው። ከተማ ውስጥ ሰፍቶ «የአሻንጉሊት መኪና»፣ «የአሻንጉሊት ሽጉጥ» ይባላል፤ ይህንንም ስሕተት አልለውም። ምስል ነውና የጭቃ በሬውን «አሻንጉሊት» ማለት በሰዋስው አያስወቅስም፤ በጽሑፍዎ ላይ ግን ጉዳት ያደርሳል። የገጠር ልጅ መጫወቻውን የሚጠራው በተሠራበት ነገር ነው፦ የጭቃ በሬ፣ የሽቦ መኪና፣ የጨርቅ ኳስ። ያቺ አንዲት «የ» ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከምን እንደተሠራም ትናገራለች። «አሻንጉሊት» ቢሉት አንባቢው ከሱቅ የተገዛ ይመስለዋል። የሽቦ መኪናውንም ልጁ ራሱ ጠምዝዞ፣ ለጎማው ቆርኪ ወይም ካለቀ ነጠላ ጫማ ክብ ቆርጦ፣ ቆሞ እንዲነዳው ረጅም መሪ አበጅቶለት እንደሠራው ይጻፉ። ጥቅል ስም ካስፈለገዎ «መጫወቻ» ይበቃል። በሰፈርዎ ባዶ ቸርኬ በእንጨት እየገፉ የሚሮጡ ልጆች ከነበሩም «ቸርኬ» የሚለውን ቃል ከጣሊያንኛ መጣ ብለው አይሽሹት፤ ልጆቹ ከነስሙ ወርሰውታል።

ድብብቆሽና ኩኩሉን በተመለከተ ሁለቱም ትክክለኛ ስሞች ናቸው፤ የተነሡበት ቦታ ግን ይለያያል። «ድብብቆሽ» የወጣው ከድርጊቱ ነው፦ ተደበቀ፣ ተደባበቀ፣ ድብብቆሽ። መካከሉ ላይ «ብ» መደጋገሙ እርስ በርስነትን ያሳያል። «ቅብብሎሽ»ም ከ«ተቀባበለ» የወጣው እንዲሁ ነው። «አባሮሽ» ድግግሙ ባይኖረውም መጨረሻው ያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ «ኦሽ» የጨዋታ ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ከብት ግጦሽ ይወጣል፣ ለሙሽራ ጥሎሽ ይጣላል፣ ፀሐይም ግርዶሽ ይይዛታል።

«ኩኩሉ» ደግሞ የወጣው ከጥሪው ነው፤ የአውራ ዶሮ ድምፅ ነው። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ተደባቂዎቹ ቦታ እስኪይዙ «አልነጋም!» ይሉታል። ደግሞ ይጮኻል፣ ደግመው «አልነጋም!» ይላሉ። «ነጋ!» ሲባል ዓይኑን ይገልጣል። ጥሪውን «አኩኩሉ» የሚሉም አሉ። እርስዎ በመንደርዎ የሚሉትን ስም ይያዙ፤ ባልደረባዎም በአገሩ የሚለውን ይያዝ። ተማሪዎቹ ግን ጨዋታውን ከስሙ ብቻ አይረዱትምና ጥሪውንና መልሱን በሁለት ድምፅ ከፍለው ሙሉውን ይጻፉላቸው፤ ክፍል ውስጥም ግማሾቹ ፈላጊ፣ ግማሾቹ ተደባቂ ሆነው ያንብቡት።