በፎል ላመለጣችሁ፦ ነጭ ሽንኩርት በስፕሪንግ ስለመትከል ጥያቄና መልስ

እዚህ ሚኒሶታ በረዶው ከአጥሩ ጥግ ገና አልለቀቀም። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል፤ «ነጭ ሽንኩርቴን በፎል ሳልተክል ብርዱ ቀደመኝ። አሁን ብተክል ይሆናል?» ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ላካችሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። በፎልም (ብርዱ ሳይገባ፣ ኦክቶበር አካባቢ) በስፕሪንግም (በረዶው ሲቀልጥ፣ ኤፕሪል አካባቢ) ጎን ለጎን ተክዬ አይቻለሁ፤ አብዛኛው የምነግራችሁ በእጄ ያየሁትን ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ኦክቶበር ላይ ልተክል አስቤ ሥራ በዝቶብኝ አለፈኝ። አሁን ኤፕሪል ገባ። ልትከል ወይስ እስከሚቀጥለው ፎል ልጠብቅ? (ከሴንት ፖል)

ትከይ እህቴ። ግን ዛሬ ነገ አትበይ።

ነጭ ሽንኩርት ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ብርድ ነው። ከመተከሉ በፊትም ይሁን ተተክሎ ገና ትንሽ ሳለ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያህል ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት አለበት። ያን ካላገኘ ራሱ ወደ ፍሬ አይከፋፈልም። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ቀኑ ሲረዝምና አየሩ ሲሞቅ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ራስ መቋጠር ይጀምራል። በዚያ ሰዓት ጥሩ ጥሩ ቅጠል ካለው ራሱ ትልቅ ይሆናል። ቅጠሉ ሦስትና አራት ብቻ ከሆነ ያቺኑ ያህል ይቋጥራል።

ኦክቶበር ላይ የተተከለው መሬቱ በረዶ ሆኖ ሳይጠጥር ሥር ይሰድዳል፤ በረዶው ሲቀልጥ ወዲያው ይነሳል። ኤፕሪል ላይ የተተከለው ሥር የሚሰድደው ገና ያኔ ነው። የዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ ጁን 21፣ ግን ለሁለቱም እኩል ይመጣል። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የኔ የፎሉ ራስ ትንሽ ብርቱካን ሲያህል የስፕሪንጉ ሎሚ ያህላል። ጣዕሙ አይቀንስም፤ ለወጥ አንድ ራስ ይበቃሽ ከነበረ ሁለት ትልጫለሽ።

ጥያቄ፦ ብርዱን በፍሪጅ መስጠት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? እንዴት ነው የሚደረገው?

እውነት ነው፤ በስፕሪንግ ለሚተክል ሰው ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ፌብሩዋሪ ሲገባ ራሱን ሳልፈለቅቅ፣ ልጣጩን ሳልነካ፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ እከተዋለሁ። ፕላስቲክ አይሆንም፤ ያልበዋል፣ ይሻግታል። በማርከር ቀኑን እጽፍበትና ከፍሪጁ ታች፣ የአትክልት መሳቢያው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ካልተላጠ ቤቱን አይሸትም፤ ስለዚህ ባለቤቴ ይቆጣል ብላችሁ አትስጉ። ፍሪዘር ውስጥ ግን አታድርጉት፤ ይሞታል።

ከ6 ሳምንት በኋላ አንዱን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቃችሁ እዩት። መሃሉ ላይ ቢጫ ያለው አረንጓዴ ቡቃያ ወደ ጫፉ ሲገፋ ታያላችሁ። ታች መቀመጫው ላይ ደግሞ ሥር ሊያወጣ ሰሊጥ ሰሊጥ የሚያካክሉ ጉብታዎች ይደረደራሉ። ያን ስታዩ ተነስቷልና አፈሩ እንደላላ ውሰዱት። ፍሪጁ ውስጥ አታክርሙት። ብርድ ከልክ ሲያልፍ ከጎን ከጎኑ ሌላ ቡቃያ እያወጣ የተበጣጠሰ፣ ቅርጽ የሌለው ራስ ይሆናል።

ፍሪጅ ውስጥ ያላስገባችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። አፈሩ አካፋ እንዳስገባላችሁ ትከሉ። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ የሚኒሶታ አፈር ራሱ ፍሪጅ ነው። ሙሉውን ባይሆንም የተወሰነውን ብርድ እሱ ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ አምና ሜይ መጨረሻ ላይ ተከልኩ። ኦገስት ስቆፍር አንድም የተከፋፈለ አላገኘሁም። ድቡልቡል፣ እንደ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ዘሩ ተበላሽቶ ነው? (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ዘሩ ምንም አልሆነም ወንድሜ። ብርድ አጥቶ ነው። እዚህ አትክልተኞቹ «ራውንድ» ይሉታል።

እኔን የመጀመሪያው ዓመት የገጠመኝ ይኸው ነው። ሞቅ ባለ ቀን፣ ሜይ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ መደብ ሙሉ ተከልኩ። ቅጠሉ አማረ። በሐምሌ ሙቀት ስቆፍረው አንድ በአንድ ድቡልቡል ብቻ! ተቀምጬ አለቀስኩ ማለት ይቀላል። ልጥላቸው ስል ከጎኔ ያለውን መደብ የሚያለሙ አንድ አዛውንት «አትጣያቸው፣ አድርቂና ኦክቶበር ላይ መልሰሽ ቅበሪያቸው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። በቀጣዩ ጁላይ እያንዳንዷ ድቡልቡል የተከፋፈለ፣ ሙሉ ራስ ሆና ወጣች። አንዷ ፍሬ ከሰጠችኝ የበለጠ ነበር፤ ድቡልቡሏ ውስጥ ያለው ስንቅ ብዙ ነውና።

ስለዚህ አንተም የቀረህ ካለ ዘንድሮ ፎል ላይ መልሰህ ትከለው። ለመብላትም ቢሆን ግሩም ነው፤ አንዴ ልጠህ ትገላገላለህ።

ጥያቄ፦ የትኛው ዓይነት ለስፕሪንግ ይሻላል? ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ብተክልስ?

ሁለት ዋና ዓይነት አለ። ሃርድኔክ የሚባለው መሃሉ ላይ እንደ እንጨት የጠነከረ ዘንግ አለው፤ ፍሬው ትልልቅ ነው፣ በቁጥር ግን ትንሽ። ብርድ አገር የሚወደውም ብርድ የሚፈልገውም እሱ ነው። ሶፍትኔክ አንገቱ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ፍሬው ይበዛል፣ ብርድ ላይም እንደ ሃርድኔክ ጥብቅ አይደለም። ለስፕሪንግ ሶፍትኔክ ያዙ። ሃርድኔክ ብቻ ካላችሁ ፍሪጁን አትዝለሉት።

የሱፐርማርኬቱን አልመክርም። አንዳንዱ እንዳይበቅል መድኃኒት ተደርጎበታል። አንዳንዱ ከሞቃት አገር የመጣ ነው፤ የእናንተን አየር አያውቀውም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በሽታው ነው። ሥሩን የሚያበሰብስ ነጭ ሻጋታ አለ። ጥቁር፣ ደቃቅ ዘሩ አንዴ መሬታችሁ ከገባ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል። የአይዳሆ ግዛት ወደ ውስጥ የሚገባውን የነጭ ሽንኩርት ዘር በሕግ የሚቆጣጠረው ለዚሁ ሲል ነው። አቅራቢያችሁ ካለ ገበሬ፣ ከገበሬዎች ገበያ፣ ለዘር ብሎ ከሚሸጥ ግዙ። ዋጋው ወደድ ይላል። አንዴ ከገዛችሁ ግን ከራሳችሁ ምርት እያስቀራችሁ ትቀጥላላችሁ።

ወጥ ቤት በቅሎ ያገኛችሁትን ራስ ደግሞ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ትከሉትና ቅጠሉን ብሉት።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ የሐበሻ ነጭ ሽንኩርት ብታመጣልኝና ብተክለውስ? እዚህ ያለው ያንን ሽታ የለውም። (ከሲያትል)

ናፍቆቱ ይገባኛል። ያ ትንሹ፣ ልጣጩ ጣት የሚያቆስለው፣ አንዱ ፍሬ ድስቱን የሚያውደው። ግን ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ለተከላ የሚሆን ነገር ያለ ምርመራ ወረቀት ይዞ መግባት አይቻልም፤ እናትሽን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቂያቸው። ያልኩት ነጭ ሻጋታ አገር ቤትም አለ። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ እዚህ እኔ ጋ ከ15 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ያንን አጭር ቀን የለመደ ተክል እዚህ ሲመጣ ገና ጥቂት ቅጠል ሳያወጣ ቀኑ ስለሚረዝምበት ቶሎ ይቋጥርና ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ያንን ኃይለኛ ጣዕም ከፈለግሽ ሃርድኔክ ሞክሪ፤ እዚህ ካሉት እኔን ወደ አገር ቤቱ ያስጠጋኝ እሱ ነው።

ሲያትል በመሆንሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። መሬታችሁ እንደኛ በረዶ ሆኖ አይጠጥርም፤ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ መትከል ትችያለሽ። አፈሩም ሳምንታት ሙሉ ብርድ ነው። የአንቺ የስፕሪንግ ተከላ ከኔ የተሻለ ራስ ይሰጥሻል።

ጥያቄ፦ አተካከሉን በአጭሩ ብትነግሪን።

ፍሬዎቹን በተከላው ቀን ፈልቅቁ፣ ልጣጫቸውን አትንኩ። ትልልቆቹን ለመሬት፣ ትንንሾቹን ለድስት። ሹሉ ወደ ላይ፣ ሥር የሚያወጣው ጠፍጣፋው ወደ ታች፣ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት። በመሃላቸው 15 ሴንቲሜትር ይኑር። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይቋጥር፣ ኮምፖስት የጠገበ መደብ ይሁን፤ ላለፉት ሦስት አራት ዓመታት ሽንኩርት ያልነበረበት ቢሆን ይመረጣል። ማዳበሪያ መጀመሪያ ላይ ስጡ፣ ራስ መቋጠር ሲጀምር አቁሙ፤ አለበለዚያ ቅጠል ብቻ ትሰበስባላችሁ። ውኃ በሳምንት 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይበቃዋል። አረም ግን በፍጹም። ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ አረሙን በጥላው አያሸንፍም። የስፕሪንጉ ደግሞ ጊዜ ስለሌለው አረም ያሸነፈበት ሳምንት ተመልሶ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አፓርትመንት ነኝ፤ በረንዳ ብቻ ነው ያለኝ። ይሆንልኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ይሆናል እናቴ። ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው፣ ታቹ የተበሳ የአበባ ማሰሮ ይፈልጉ። ራስ አይጠብቁበት። ጠበቅ ጠበቅ አድርገው ይትከሉትና ቅጠሉ አንድ ስንዝር ሲሆን እየቀጠፉ ዳጣ ውስጥ ይጨምሩት። እንቁላል ፍርፍር ላይም አድርገው ይቅመሱልኝ።

ጥያቄ፦ እኛ እስራኤል ነን፣ ናታንያ። ማርች ላይ ብንተክልስ?

አትልፉ። እናንተ ጋ ማርችና ኤፕሪል ገበያው ላይ እርጥቡ ነጭ ሽንኩርት ከነቅጠሉ በእስር የሚሸጥበት ወቅት ነው፤ የዓመቱ ምርት ያኔ ነው የሚደርሰው። በዝናቡ ወራት ነው የሚያድገው። በማርች የተተከለ ሙቀቱ ቶሎ ይደርስበታል። ኦክቶበር ላይ ትከሉ። ቴክሳስ ያላችሁም መልሱ ይኸው ነው፤ ስፕሪንግ የሚያዋጣው ብርዱ ለሚዘገይበት አገር ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ደብረ ብርሃን ስፕሪንግም ፎልም የለንም። ይህ ሁሉ እኛን ይመለከተናል?

የብርዱ ነገር ይመለከታችኋል፣ ግን የደጋው ሌሊት ራሱ ይሰጣችኋል። የእናንተን ጊዜ የሚወስነው ውኃ ነው። በዝናብ ከሆነ ሰኔና ሐምሌ፣ በመስኖ ከሆነ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ። የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ቢሾፍቱ ነጭና ፀደይ 92 የሚባሉ ዝርያዎች አሉ፤ የግብርና ባለሙያችሁን ጠይቁ። በዝናብ ስትተክሉ ውኃ መውረጃውን በደንብ አብጁ። ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት የሚመስል ዋግ የሚነሳው በዚያ እርጥበት ነው። ሥሩ ነጭ ሻጋታ ያለበት ማሳ ካገኛችሁ ደግሞ አፈሩን በጫማችሁም በመቆፈሪያችሁም ወደ ሌላው ማሳ አትውሰዱ።

ጥያቄ፦ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ከታች ያሉት ሦስት አራት ቅጠሎች ደርቀው ከላይ አምስት ስድስቱ አረንጓዴ ሲሆኑ። እያንዳንዱ አረንጓዴ ቅጠል ራሱን የሚሸፍን አንድ ልጣጭ ነው። ሁሉም እስኪደርቅ ከጠበቃችሁ ልጣጩ አፈር ውስጥ ይበሰብስና ፍሬው ይበታተናል። የፎሉ እኔ ጋ ጁላይ አጋማሽ ይደርሳል፤ የስፕሪንጉ ወደ ኦገስት ይሄዳል። የስፕሪንጉ ቅጠል ከመጀመሪያውም ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩን ትታችሁ ግማሽ ያህሉ ሲደርቅ አንዱን ቆፍራችሁ እዩ። በእጅ አትጎትቱ፣ በሹካ መቆፈሪያ ከሥሩ አንሱት። ሳታጥቡ፣ ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሁለት ሦስት ሳምንት አድርቁት።

ጥያቄ፦ ብዙ ሲሆንብኝ ከዝንጅብል ጋር ፈጭቼ ዘይት አድርጌበት ጠርሙስ ውስጥ ላስቀምጥ? እናቶቻችን እንዲያ ያደርጉ ነበር።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተሸፍኖ ከፍሪጅ ውጭ ከተቀመጠ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያስከትል መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። አየር የሌለበት፣ እርጥብ፣ ኮምጣጣ ያልሆነ ቦታ የሚወድ ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው። አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም፣ ሰው ግን ይገድላል። በዘይት ከፈጫችሁት ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ በአራት ቀን ውስጥም ጨርሱት። የቀረውን በበረዶ መሥሪያው ቅርጽ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። አንዷ ጉብ ለአንድ ቁሌት ትሆናለች።

ጥያቄ፦ ለአምስት ሰው ቤተሰብ ስንት ልትከል?

1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40 የሆነ መደብ በነገርኳችሁ ርቀት 128 ፍሬ ይይዛል። እኛ አምስት ነን፣ ዶሮም ምስርም እናበዛለን፤ በፎል የሞላ አንድ መደብ ዓመቱን ይደርስልናል ማለት ይቻላል። በስፕሪንግ ከሆነ ሁለት መደብ ያዙ፤ ወይም ዘንድሮ አንዱን ተክላችሁ ሁለተኛውን ለኦክቶበር ባዶውን አቆዩት።