የአገጭ ፀጉርን በሌዘር ከማስወገድሽ በፊት የማሽኑን ዓይነት አረጋግጪ

ውድ እህቴ፣ የአገጭሽን ፀጉር በሌዘር ለማስወገድ ቀጠሮ መያዝሽንና የጎንዮሽ ጉዳቱን መጠየቅሽን አይቼ ነው የምጽፍልሽ። ቆዳሽ እንደ እኔ ጠይም ከሆነ ከዋጋው በፊት የማሽኑን ዓይነት እወቂ።

አንደኛ፣ የጨረሩን የሞገድ ርዝመት ጠይቂ። ሌዘር የሚሠራው በፀጉሩ ውስጥ ያለው ሜላኒን የተባለ ቀለም ብርሃኑን ውጦ ሲግልና ሥሩን ሲያቃጥል ነው። ይኸው ቀለም በእኛ ቆዳ ውስጥም በብዛት ስላለ፣ የሞገድ ርዝመቱ 755 ናኖሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት የተባለው ሌዘር ቆዳውንም አብሮ ሊያቃጥል ይችላል። 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ግን በላይኛው ቆዳ እምብዛም ሳይዋጥ ጠልቆ ስለሚገባ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ይመረጣል።

እኔም የአገጬን ፀጉር በሌዘር ለማስወገድ ክሊኒክ ስሄድ ይህንን አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር የማሽኑን ስም ጠየቅሁ። እንግዳ ተቀባይዋ «ሌዘር ሁሉ አንድ ነው፤ ሰው እየጠበቀ ነው» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ፤ ማሽኑን የያዘችውም ባለሙያ ለማንኛውም ቆዳ እንደሚሆን አረጋገጠችልኝ። በማግስቱ አገጬ ውኃ ቋጠረ፤ ቁስሉ ሲሽር ደግሞ ቦታው ከሰል መስሎ ቀረ። ላመለክት ስመለስ ፀሐይ መትቶሽ ነው አሉኝ። እኔ ግን ከሕክምናው በፊትና በኋላ በየቀኑ ያነሳሁትን ፎቶግራፍ አቅርቤ፣ የሕክምና መዝገቤን ካላሳያችሁኝ አልሄድም ብዬ ተቀመጥሁ። በመዝገቡ ላይ አሌክሳንድራይት ተብሎ ተጽፎ ስለተገኘ ገንዘቤን እስከ መጨረሻው ሳንቲም መለሱልኝ፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ከመንጋጋሽ ሥር በትንሽ ቦታ ላይ እንዲሞክሩልሽና ጥቂት ሳምንታት እንዲጠብቁ ጠይቂ፤ ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው መቅላቱ ካለፈ በኋላ ነውና። የእኔ ለመልቀቅ ወራት ፈጅቶበታል። በዚያ ወቅት ፊት ያጠራል እየተባለ ክሎቤታሶል የተባለ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት ቅባት ሲመከርልኝ እምቢ ማለቴ በጀኝ፤ ይህ መድኃኒት ቆዳን ከማሳሳቱም በላይ በፊት ላይ ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። ለእኔ የረዳኝ የቆዳ ሐኪም ያዘዘልኝ ክሬምና በየቀኑ የምቀባው የፀሐይ መከላከያ ነው።

ሦስተኛው ምክሬም ከዚሁ ሐኪም ያገኘሁት ነው። ሌዘር በአንዳንድ ሴቶች ፊት ላይ፣ በተለይ በጠይሞች፣ ፀጉሩን ከማጥፋት ይልቅ ሊያበዛው እንደሚችል የነገረችኝ እርሷ ናት። ክሊኒኩ ይህንን አንድም ጊዜ አላነሳልኝም፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነና ብጉርም ካለብሽ መጀመሪያ የሆርሞን ምርመራ አድርጊ፤ መነሻው ካልታከመ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል።

እንግዲህ ነገ ደውዪና የማሽኑን ስምና የሞገድ ርዝመቱን በጽሑፍ እንዲልኩልሽ ጠይቂ፤ ካልላኩልሽ ቀብድ ከፍለሽም ቢሆን ቀጠሮውን ሰርዢ።