ማመንጫ ጣቢያ መግባት ከፈለግሽ የሆቴሉን ጄኔሬተር ያዢ

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ በፓወር ዘርፍ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ምኞቴ የውኃ ኃይል ማመንጫ ውስጥ መሥራት ነው። አሁን ቤት ቁጭ ብዬ የቅጥር ማስታወቂያ ልጠብቅ፣ ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ሐዋሳ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ለጄኔሬተርና ለኤሌክትሪክ ጥገና የሰጠኝን ሥራ ልያዝ? ጓደኞቼ ‹ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሽው?› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ሴት ልጅ በረሃ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እንዴት ትገባለች እያለች ትጨነቃለች።»

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ። የሆቴሉን ሥራ ያዢ። ማስታወቂያውን ሥራ ላይ ሆነሽ ተከታተይ፤ ማስተርሱን ለሁለትና ሦስት ዓመት አቆዪው። ለምን እንደዚህ እንዳልን የሚገባሽ ግን ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ ሰው ምን ሲሠራ እንደሚውል ስታውቂ ነው።

ሰው ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲያስብ 13 ተርባይንና 5,150 ሜጋ ዋት ይታየዋል። ስለ ጊቤ 3 ሲያስብ ደግሞ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ዩኒቶች (ተርባይንና ጄኔሬተር አንድ ላይ)። እነዚያ ግዙፍ ብረቶች ግን በራሳቸው እምብዛም አይበላሹም። አንድን ዩኒት ከሥራ የሚያስወጡት ብዙውን ጊዜ በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፦ የማቀዝቀዣ ውኃ ማጣሪያ፣ የገቨርነር (የፍጥነት መቆጣጠሪያ) ዘይት ግፊት፣ የሙቀት መለኪያ፣ የዲሲ ባትሪ፣ የላላ ተርሚናል (የሽቦ ማያያዣ)። ክረምት ገብቶ ወንዙ ደለልና ቅጠል ይዞ ሲመጣ ማጣሪያው ይደፈናል፤ የማቀዝቀዣው ውኃ ያንሳል፤ የቤሪንጉ (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ክፍል) ዘይት ይሞቃል፤ መከላከያው ዩኒቱን ያቆመዋል። ተርባይኑም ጄኔሬተሩም ምንም አልሆኑም፤ አገር ግን ያንን ሁሉ ሜጋ ዋት አጥቷል።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። የቤሪንግ ሙቀት ብዙ ጊዜ የሚለካው ፒቲ100 በሚባል መለኪያ ነው። በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ60 ዲግሪ 123.2 ኦም ገደማ ያሳያል፤ በአንድ ዲግሪ 0.39 ኦም ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ተርሚናል ሳጥኑ ውስጥ ከመለኪያው ሽቦዎች የአንዱ ብሎን በንዝረት ላልቶ 4 ኦም ቢጨምርበት፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ስክሪን 60 የነበረውን 70 ሊያደርገው ይችላል። ጀማሪ «ቤሪንጉ ሊቃጠል ነው» ብሎ ይደነግጣል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ሙቀቱ በአንዴ ዘሎ ነው ወይስ ቀስ እያለ ነው የወጣው ብሎ ይጠይቃል፤ አጠገቡ ያለው ሌላ መለኪያ ምን እንደሚል፣ የዘይቱም ሙቀት አብሮ መጨመሩን ያያል። ያን ያህል ብረትና ዘይት በአንድ ሴኮንድ 10 ዲግሪ አይሞቅም። ከዘለለ ሽቦው ይፈተሻል። ቀስ እያለ ከወጣና ሌሎቹም መለኪያዎች ካረጋገጡት ጭነቱ ይወርዳል፣ ዩኒቱ ይቆማል፤ «ትንሽ እንየው» ማለት የለም። ይህን ለይቶ ማወቅ ነው የጣቢያው ሥራ፤ በየፈረቃው ሎግ ሺት ላይ በየሰዓቱ የሚሞላው ቁጥርም ዋጋው እዚህ ላይ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሆቴሉ እንመለስ። የዲዝል ጄኔሬተሩ ትንሽ ነው እንጂ ጣቢያው ውስጥ ካለው የሚጎድለው ጥቂት ነው። ገቨርነር አለው፣ ኤክሳይቴሽን (ለጄኔሬተሩ ማግኔት ኃይል የሚሰጠው ክፍል) አለው፣ እሱን የሚቆጣጠረው ኤቪአር ይባላል፤ ብሬከር (ኃይሉን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ መከላከያ፣ ባትሪ፣ ማቀዝቀዣ፣ ዘይት ሁሉ አለው። ሁለት ሆነው በትይዩ የሚሠሩ ጄኔሬተሮች ካሉማ ሲንክሮናይዜሽንን (አንዱን ማሽን ከሌላው ጋር አመሳስሎ ማገናኘትን) እና ጭነት መጋራትንም በዓይንሽ ታያለሽ። ገቨርነሩ 4 በመቶ ድሩፕ (ጭነት ሲጨምር ፍጥነቱ የሚወርድበት መጠን) ላይ ከተስተካከለ፣ ከባዶ እስከ ሙሉ ጭነት ድግግሞሹ 2 ኸርዝ ይወርዳል፤ ሁለቱ ማሽኖች ጭነቱን የሚካፈሉት በዚህ ነው። በብሔራዊ መረቡ ላይ የተገናኙት የውኃ ተርባይኖችም ጭነት ሲለዋወጥ የሚካፈሉት በዚሁ መርህ ነው። በወረቀት የተማርሽው ድሩፕ እጅሽ ላይ ሲገባ ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ባትሪውን የራስሽ አድርጊው። ተጠባባቂ ጄኔሬተር ሳይነሳ ሲቀር ከምክንያቶቹ ግንባር ቀደሙ የደከመ ባትሪ ነው። ማሽኑ ቆሞ የሚለካው ቮልቴጅ ያታልላል፤ ስታርተሩ ሲዞር ምን ያህል እንደሚወርድ ለኪና በየሳምንቱ መዝግቢ። ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ ይህ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል፤ የ110 ቮልት የዲሲ ባትሪ ከጠፋ መከላከያው ጥፋት ቢያይ እንኳ ብሬከሩን መክፈት አይችልም። በተለምዶ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሆኑ 55 ሴሎች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ አንዷ ስትሞት ድምሩ ላይ ብዙም አያስታውቅም። ስለዚህ ሴል በሴል ይለካል።

ሆቴሎች ሌላም ችግር አለባቸው። ሌሊት እንግዳው ሲተኛ ጭነቱ ይወርድና ዲዝሉ ከ30 በመቶ በታች ለሰዓታት ይሠራል። ነዳጁ በደንብ ስለማይቃጠል ካርቦንና ጥቁር ዘይት የጭስ መውጫው ላይ ይጠራቀማል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ይህን ካየሽ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አሳውቂና ማሽኑ በየጊዜው በቂ ጭነት እንዲይዝ አድርጊ።

ሁለት ነገር ግን ማንም ሳያሳይሽ እንዳትነኪ። የጄኔሬተሩን ጥቅል በሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ) ከመለካትሽ በፊት ኤቪአሩንና የሚዞሩትን ዳዮዶች ንቀዪ፤ የሜገሩ 500 ቮልት ያቃጥላቸዋል። ማሽኑ ጭነት ይዞ እያለ ደግሞ የሲቲ (ጅረት ለመለካት የሚያገለግል ትንሽ ትራንስፎርመር) ሁለተኛ ወገን ሽቦ ፈጽሞ አትክፈቺ። ሲቲው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ሰውም ይገድላል፣ መሣሪያም ያቃጥላል። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ አገናኝተሽ ሾርት አድርጊው፣ ከዚያ ሜትሩን ፍቺ።

ጎን ለጎን ድሮዊንግ (የሽቦ ንድፍ) ማንበብ ተለማመጂ። የኤቲኤሱን (መብራት ሲጠፋ በራሱ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው መሣሪያ) የኮንትሮል ድሮዊንግ ኮፒ አድርጊና መብራት ሲጠፋ የትኛው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ቀድሞ እንደሚነቃ፣ የትኛው ኮንታክት እንደሚዘጋ በእርሳስ ተከታተዪ። ከዚያ ፓነሉን ከፍተሽ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሽቦው ላይ መኖሩን አመሳክሪ። ብዙ ቦታ ሁለቱ አይገጣጠሙም፤ ልዩነቱን ያገኘች መሐንዲስ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጠራ ሰው ትሆናለች።

ለማመንጫ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ አንድን የውኃ ዩኒት ከቆመበት አስነስተሽ መረብ ላይ የምታስገቢበትን ቅደም ተከተል ከነምክንያቱ መናገር መቻል አለብሽ። ፍሬኑ መለቀቁ፣ የማቀዝቀዣው ውኃ መፍሰሱ፣ የገቨርነሩ ዘይት ግፊት መሙላቱ ይረጋገጣል። ዋና ቫልቭ ባለባቸው ጣቢያዎች ቀድሞ ባይፓሱ (ትንሹ የጎን ቧንቧ) ተከፍቶ የሁለቱ ወገን ግፊት ይተካከላል፤ አለዚያ ቫልቩ በከባድ ግፊት ተፋትጎ ይጎዳል። ዊኬት ጌቱ (ወደ ተርባይኑ የሚገባውን ውኃ የሚመጥነው በር) በጥቂቱ ይከፈትና ማሽኑ መዞር ይጀምራል፤ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ሲቃረብ ኤክሳይቴሽን ይገባል። ከዚያ ሲንክሮናይዜሽን ይከተላል። የ0.1 ኸርዝ ልዩነት ካለ የሲንክሮስኮፑ (የማሽኑንና የመረቡን ልዩነት የሚያሳየው መለኪያ) መርፌ በ10 ሴኮንድ አንዴ ትዞራለች። መርፌዋ ወደ «ፈጣን» አቅጣጫ በዝግታ እየሄደች፣ ቀጥ ብላ ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት የመዝጊያ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ብሬከሩ ለመዝጋት የራሱን ጊዜ ይወስዳልና። ጄኔሬተሩ ከመረቡ ትንሽ መፍጠን ያለበት እንደገባ ጭነት እንዲይዝ ነው፤ ከዘገየ መረቡ እንደ ሞተር ያዞረውና የሪቨርስ ፓወር መከላከያ ሊጥለው ይችላል። ሲቆምም ፍሬኑ በሙሉ ፍጥነት አይያዝም፤ ፍጥነቱ ወደ 20 ወይም 30 በመቶ ሲወርድ ነው። ከፈጠነ ፍሬኑ ይቃጠላል፤ ከዘገየ ማሽኑ በዝግታ ሲዞር የቤሪንጉ የዘይት ሽፋን ይሳሳና ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ግን በቃልሽ ይኑር። በሴኮንድ 100 ሜትር ኩብ ውኃ ከ100 ሜትር ከፍታ ወርዶ፣ ብቃቱ 90 በመቶ ቢሆን 9.81 ሲባዛ በ100 ሲባዛ በ100 ሲባዛ በ0.9፣ 88 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። በደቂቃ 500 ዙር የሚዞር ማሽን በ50 ኸርዝ 12 ፖል (የማግኔት ዋልታ) አለው። የጊቤን ጣቢያዎች ዝምድናም እወቂ፦ ጊቤ 1ን (184 ሜጋ ዋት) ያዞረው ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሄዶ ጊቤ 2ን (420 ሜጋ ዋት) ያዞራል፤ ከዚያ ወደ ኦሞ ገብቶ ጊቤ 3 ይደርሳል። ላይኛው ሲቆም የታችኛው ምን እንደሚሆን ማሰብ የጀመረ አመልካች ከሌሎቹ ይለያል።

ማመልከቻ ስታስገቢ ሁለቱን ድርጅቶች አታምታቺ። የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ማመንጨትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና ሽያጭ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። የምትፈልጊው የመጀመሪያውን ነው። ዘመናዊ ጣቢያ በፈረቃ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ስለሆነ በዚህ በር ብቻ አትንጠልጠዪ። እንደ ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች የሸንኮራ ገለባ አቃጥለው በእንፋሎት ተርባይን የራሳቸውን ኃይል ያመነጫሉ። አዲስ አበባ የረጲው 25 ሜጋ ዋት የቆሻሻ ማመንጫ አለ። አዳማ 1 እና 2 የነፋስ ጣቢያዎች አንድ ላይ 136 ተርባይን አላቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት። ከፍታ ካላስፈራሽ እዚያ የጥገና ሥራ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

ማስተርሱን አቆዪው ያልንሽ ትምህርት ንቀን አይደለም። መከላከያ ሪሌይ በራስሽ እጅ አስተካክለሽ፣ አንዴ ያለ ምክንያት ማሽኑን ሲያቆም አይተሽ ከዚያ ክፍል ብትገቢ የምትጠይቂው ጥያቄ ሌላ ይሆናል።

የእናትሽን ነገር በቁም ነገር ውሰጂው። ጉባም ሆነ ኦሞ ሸለቆ ሙቀትና ወባ አለ፤ ትልልቅ ጣቢያዎች ከከተማ ርቀው ነው ያሉት፤ ፈረቃውም ሌሊትን ይጨምራል። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የሴቶች መኖሪያ ለብቻው መሆኑን፣ ከመኖሪያው እስከ ጣቢያው የሌሊት ሰርቪስ መኖሩን፣ ክሊኒኩ ሌሊት መሥራቱን፣ ስንት ቀን ሠርተሽ ስንት ቀን ወደ ቤት እንደምትሄጂ ጠይቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ማበላለጥን ይከለክላል፤ ነፍሰ ጡር ሠራተኛም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንድትሠራ አይፈቅድም። ይህን ለእናትሽም ንገሪያት፤ የሚቻል ከሆነ እዚያ ከምትሠራ አንዲት ሴት ጋር በስልክ አገናኚያት። የእኛ ማብራሪያ ሳይሆን የእሷ ድምፅ ነው የሚያረጋጋት።

ሆቴሉ ጋር ስትፈርሚ አንድ ነገር አስጽፊ። የጄኔሬተሩ ዋና ጥገና በውጭ ድርጅት የሚሠራ ከሆነ ቴክኒሻኖቹ በመጡ ቁጥር አጠገባቸው የመገኘትና የሥራ ሪፖርታቸውን ኮፒ የማግኘት መብት ይኑርሽ። ማኑዋሉና ድሮዊንጉ የት እንዳለም ያኔውኑ ጠይቂ፤ ከሌለ በማሽኑ የስም ሰሌዳ ላይ ያለውን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ይዘሽ ከአስመጪው እንዲጠየቅልሽ አድርጊ።